ከሊሴ ወደ አሜሪካ፦ ሁለት ሳምንት፣ ሙሉ ዓመት ወይስ ዘመድ ጋ?

ልጄ ሰጎንድ (የሊሴ፣ የሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያው ዓመት) በገባች በሁለተኛው ወር ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። የእንግሊዝኛ መምህሯ ያደሉት ነው። በጸደይ ዕረፍት ወደ አሜሪካ የልውውጥ ጉዞ ስላለ የሚፈልግ ይመዝገብ ይላል። አንብቤ ሳልጨርስ ስልኳን አውጥታ ሌላ ነገር አሳየችኝ። የአንድ ድርጅት ማስታወቂያ ነው። ቢጫ አውቶቡስ፣ ሰፊ ሜዳ፣ የሚስቁ ልጆች። «ማሚ፣ ይሄኛው ግን ሙሉ ዓመት ነው» አለችኝ።

ያን ቀን ማታ ከአባቷ ጋር እስከ ስድስት ሰዓት ተከራከርን። እሱ «የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለማናውቀው ሰው?» ይላል። እኔ ደግሞ ዕድሉ እንዳያመልጣት እሰጋለሁ። ሁለታችንም ግን የምንከራከርበትን ነገር በቅጡ አናውቀውም ነበር። «ልውውጥ» የሚባለው ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ ብዙ ዓይነት ነው። ይህን የተረዳነው ቆይተን ነው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ የሚጠይቁኝ ወላጆች በዝተዋል። ስለዚህ ያየሁትንና ያጣራሁትን እዚህ ላስቀምጠው። የጻፍኩት እዚህ ፈረንሳይ ሊሴ የሚማር ልጅ ላላችሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ፓስፖርቱ

ብዙ ሰው ከገንዘቡ ይጀምራል። እኔ ከፓስፖርቱ ጀምሩ እላለሁ። ምክንያቱም እኛ አበሾች ቤት ውስጥ እናት አንድ ፓስፖርት፣ አባት ሌላ፣ ልጅ ደግሞ ሌላ ሊይዝ ይችላል። የክፍል ጓደኞቿ በአሥር ደቂቃ የሚጨርሱት ነገር ለእናንተ ልጅ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ልጁ የፈረንሳይ ፓስፖርት ካለው ለአጭር ጉዞ ቪዛ አያስፈልገውም። በኢንተርኔት ኢስታ የሚባለውን ፈቃድ ይሞላል። እስከ 90 ቀን ያስቆያል። ዋጋው 21 ዶላር ነበር፤ በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ወደ 40 ዶላር ከፍ ብሏል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ብቻ ካለው ግን ኢስታ አይሠራለትም። የጎብኚ ቪዛ ማመልከት አለበት። ክፍያው 185 ዶላር ነው። ቀጠሮ ይያዛል፣ ፓሪስ ኤምባሲው ድረስ ተሂዶ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል። መልሱ ደግሞ እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ለመምህሯ በግልጽ ንገሩ። «ቪዛ ብትከለከል ገንዘባችን ይመለሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም። መምህራኑ ስለማያውቁት ነው እንጂ ሲነገራቸው ይረዳሉ።

መመለሻውም አይረሳ። ፈረንሳዊ ያልሆነ ልጅ ተመልሶ ሲገባ እዚህ ነዋሪ መሆኑን ማሳየት አለበት። ለዚህ ከፕሬፌክቱር (ከአካባቢው የመንግሥት አስተዳደር ቢሮ) የሚሰጥ የልጆች የመንቀሳቀሻ ሰነድ አለ፤ ዴሴኤም ይሉታል። እሱም ጊዜ ይወስዳል። እዚህ የተወለደ ልጅ ደግሞ የመኖሪያ ጊዜውን ካሟላ ከ13 ዓመቱ ጀምሮ በወላጅ፣ ከ16 ጀምሮ ራሱ የፈረንሳይ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ውሳኔው የቤተሰብ ነው፤ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ቀላልም አይደለም።

አንድ ወረቀት ግን ፓስፖርቱ ምንም ይሁን ምን ለሁሉም ያስፈልጋል። ከ15 ጃንዋሪ 2017 ጀምሮ ፈረንሳይ የሚኖር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያለ ወላጅ ከአገር ሲወጣ ወላጅ የፈረመበትን የመውጫ ፈቃድ መያዝ አለበት። ነፃ ነው፤ ቅጹ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ከፈራሚው መታወቂያ ቅጂ ጋር አብሮ ይያዛል። የእኛ ልጆች የአባታቸውን ስም ስለሚይዙ የእናት ስም ከልጁ ጋር አይገጥምም። እናት ከፈረመች የልደት ምስክር ወረቀቱን ቅጂ አብራችሁ ጨምሩበት። እኔ ጨምሬ ነበር፤ ልቤን አሳረፈልኝ።

አጭሩ ልውውጥ፦ ሁለት ሦስት ሳምንት

ይህ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚያዘጋጀው ነው። ብዙውን ጊዜ መነሻው አንድ እዚህ ያለ የእንግሊዝኛ መምህርና አንድ እዚያ ያለ የፈረንሳይኛ መምህር መተዋወቃቸው ነው። ከተሞቹ እህትማማች ከሆኑ መንገዱ ይቀላል። ሊዮን ከሴንት ሉዊስ፣ ናንት ከሲያትል፣ ቱሉዝ ከአትላንታ፣ ሬን ከሮቸስተር፣ ካን ዋሽንግተን ዲሲ ጎን ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ጋር እህትማማች ናቸው። ሲያትል፣ አትላንታና የዲሲ አካባቢ የእኛ ሰው የሞላባቸው ስለሆኑ ይህን ስነግራቸው ወላጆች ወዲያው ዓይናቸው ይበራል። እኛ የምንኖረው ሊዮን አጠገብ ነው። ልጄም የሄደችው ሴንት ሉዊስ ዙሪያ ወዳለ ሰፈር ነው። ከተማዋን በ1764 የቆረቆሯት ፈረንሳውያን የፀጉራም እንስሳት ቆዳ ነጋዴዎች ናቸው፤ ስሟም የፈረንሳይ ንጉሥ ስም ነው። ልጆቹ እዚያ ደርሰው የፈረንሳይኛ ስሞችን በአሜሪካ አነጋገር ሲሰሙ በሳቅ ፈረሱ አሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ አቻ ይመደብለታል፤ «ኮረስፖንዳን» ይሉታል። ልጃችሁ እነሱ ቤት ያድራል፣ ከአቻው ጋር ክፍል ይገባል፣ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡ የሚሄድበት ይሄዳል። ከዚያ በተራው ያ ልጅ እናንተ ቤት ይመጣል። አሜሪካኖቹ ትምህርት የሚዘጉት በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን መጀመሪያ ስለሆነ ብዙዎቹ በጁን ይመጣሉ።

ወላጆች የሚፈሩት ይህንኛውን ግማሽ ነው። «ቤታችን ጠባብ ነው» ይሉኛል። የእኛም ጠባብ ነው። አሽለም የሚሉት የመንግሥት የኪራይ ቤት ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት መኝታ። እንግዳዋ ልጄ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ነው የተኛችው። ሰፊ ግቢ ካለው ቤት የመጣች ልጅ ናት። አንድም ቀን ፊቷ ሲጠቁር አላየሁም። ይልቅ ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ልጄ ቀድማ ወጥታ ስለነበር «በትራም ብቻሽን ነይ» አለቻት። ልጅቷ ጫማዋን አድርጋ በሩ አጠገብ ቆመች። አትወጣም። ትኬቷን በሁለት እጇ ይዛለች። አገሯ መንጃ ፈቃድ ያላት፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ መኪና ይዛ አውራ ጎዳና የምትገባ ልጅ ናት። ትራም ግን ብቻዋን ተሳፍራ አታውቅም። አብሬያት ወርጄ አሳፈርኳት። በሦስተኛው ቀን ግን ማንንም ሳትጠብቅ ወጣች።

ልጄ እዚያ ሳለች ነገሩ ተገልብጦ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ሜትሮ የምትሳፈር ልጅ፣ እዚያ ከቤት ወጥታ ሱቅ ለመድረስ የሚያደርሳት ሰው መለመን ነበረባት። የእግረኛ መንገድ የለም፣ አውቶቡስ የለም። «እንደ ሕፃን ሆንኩ» ብላ ጻፈችልኝ። እኔ ለዚህ ነው አጭሩን ልውውጥ የምወደው። ሁለቱም ልጆች በየተራቸው ምንም የማያውቁ እንግዳ ይሆናሉ። ከዚያ አንዷ የሌላዋን ትረዳለች።

የትምህርት ቤቱ ልዩነትም ያስገርማቸዋል። እዚህ ሊሴ ከሰዓት በኋላ እስከ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ሰዓት መቆየት የተለመደ ነው፤ ምሳ ሰፊ ጊዜ አለው። እዚያ በጠዋት ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ያልቃል፤ ምሳው ግን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከትምህርት በኋላ ስፖርት፣ ባንድ፣ ቲያትር። ጠዋት ደግሞ ለባንዲራው ቆመው ቃል ይገባሉ። እንግዳ ልጅ ቃሉን ማለት የለበትም፤ አሜሪካዊም ቢሆን አይገደድም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ይህን የወሰነው በ1943 ነው። በአክብሮት ጸጥ ብሎ መቆም ይበቃል። ሃይማኖትም እዚያ በግልጽ ይታያል። እዚህ ከ2004ቱ ሕግ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤት ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክት ክልክል ነው። እዚያ ግን ልጄ ማተቧን ሳትሸሽግ ክፍል ገባች። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ይለይ ነበር።

አንድ ነገር ግን አትጠብቁ። እንግሊዝኛዋ በሁለት ሳምንት አይፈታም። ጓደኞቿ አብረዋት ስላሉ በየምክንያቱ ወደ ፈረንሳይኛ ይመለሳሉ። ጆሮዋ ይከፈታል፣ ፍርሃቷ ይቀንሳል፤ ከዚያ ያለፈ አይደለም። ለቋንቋ ብቻ ብላችሁ ከሆነ የምትልኩት ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ሙሉ ዓመት በጄ-1

ማስታወቂያው ላይ ያያችሁት ቢጫ አውቶቡስ በአብዛኛው ይህ ነው። ልጁ በልውውጥ ቪዛ ይሄዳል፤ ጄ-1 ይባላል። አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ የትምህርት ዓመት በአሜሪካ ሃይስኩል ይማራል፣ ብዙ ጊዜ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የሚልከው ድርጅት እዚያ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያጸደቀው አጋር ሊኖረው ግድ ነው። ይህ ከሌለው ጥላችሁ ሂዱ።

ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። ከታወቁት አንዱ ኤኤፍኤስ ነው። መነሻው እዚሁ ፈረንሳይ ነው። በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የፈረንሳይ ቁስለኞችን በአምቡላንስ የሚያመላልሱ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ድርጅቱ ሥራውን ወደ ተማሪ ልውውጥ ቀየረው። የበጎ አድራጎት ክለቡ ሮታሪም የራሱ የወጣቶች ልውውጥ አለው፤ ወላጅ የክለቡ አባል መሆን አይጠበቅበትም። ሮታሪ ዘንድ ልጁ ከአንድ በላይ ቤተሰብ ጋር በየተራ ይኖራል፤ እናንተም በምትኩ የሌላ አገር ልጅ ትቀበላላችሁ። ከእነዚህ ሌላ ለትርፍ የሚሠሩ ኤጀንሲዎች አሉ።

የጄ-1 ደንብ ጥብቅ ነው። ሲጀምር ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት ተኩል መሆን አለበት። ከመዋዕለ ሕፃናት በኋላ ከ11 ዓመት በላይ የተማረ አይቀበሉም። እስኪ በፈረንሳዩ እንቁጠረው። አንደኛ ደረጃ ከሴፔ እስከ ሴኤም ዱ አምስት፣ ከሊሴ በፊት ያለው ኮሌዥ አራት፣ ሰጎንድና ፕረሚዬር ሁለት። አሥራ አንድ ሞላ። ተርሚናልን፣ የሊሴን የመጨረሻ ዓመት፣ የጨረሰ ልጅ በዚህ ቪዛ መሄድ አይችልም። «ባኩን (የሊሴ ማብቂያ ፈተናውን) ይውሰድና ከዚያ ይሂድ» የምትሉ ወላጆች ይህን ልብ በሉ። ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት በጄ-1 ወይም በኤፍ-1 እዚያ ሃይስኩል የተማረ ልጅ አይደገምለትም።

ግዛቱን፣ ከተማውን፣ ትምህርት ቤቱን እናንተ አትመርጡም። ኒው ዮርክ ያሰበ ልጅ ካንሳስ ገጠር ሊደርሰው ይችላል። ካንሳስ ደግሞ መጥፎ አይደለም። ትንሽ ከተማ ውስጥ የፈረንሳዩን ልጅ ሁሉም ያውቀዋል፤ ቋንቋውም ቶሎ ይፈታል።

አስተናጋጅ ቤተሰቡ ገንዘብ አይከፈለውም። ፈልጎ ነው የሚቀበለው። ቤት ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ የወንጀል መዝገቡ ይታያል። በአካባቢው ያለ ተጠሪ ደግሞ በየወሩ ልጁንም ቤተሰቡንም ማነጋገር አለበት።

አሁን እሑድ እሑድ የሚጠየቀው ትልቁ ጥያቄ። «እኅቴ ዲሲ አለች፤ እሷ ጋ ትሁን።» አይሆንም። በጄ-1 ልጅን ዘመዱ ቤት መመደብ ክልክል ነው። ለጉብኝት መሄድም ቢሆን የድርጅቱንና የቤተሰቡን ፈቃድ ይጠይቃል። አክስት «የእኔ ልጅ ከባዳ ቤት!» ብላ ልትቀየም ትችላለች። ቀድማችሁ አስረዷት።

የአንድ ወዳጃችን ልጅ በዚህ መንገድ ሄዶ ነበር። ማመልከቻው ላይ ለአስተናጋጅ ቤተሰብ የሚጻፍ ደብዳቤ አለ። ልጁ «ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እጾማለሁ» ብሎ ብቻ ጻፈ። የተቀበሉት ሰዎች አርብ አርብ ሥጋ መተው መሰላቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሃምሳ አምስት ቀን እንቁላልም ወተትም እንደማይነካ ሲሰሙ ደነገጡ። እናትየው ዓይብ ያለበት ፓስታ ሠርታ ጠብቃው ነበር። ልጁ ሳይበላ ተነሣ፤ እሷ ደግሞ የናቃት መሰላት። ሦስት ቀን ቤቱ ጸጥ አለ። በአራተኛው ቀን እናቱ ከዚህ ደወለችና ከሴትየዋ ጋር በተሰበረ እንግሊዝኛ አወሩ። ቅዳሜ ምስር ወጥ አብረው ሠሩ፤ እዚህ በስልክ፣ እዚያ በድስት። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ራሷ ምስር እየገዛች ታስቀምጥ ጀመር። ስለዚህ ልጃችሁ የሚጾም ከሆነ ደብዳቤው ላይ ቀኑን ከነመግቢያው ከነመፍቻው ይጻፍ። «ከዚህ እስከዚህ ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም። ምስር፣ ባቄላ፣ ሩዝና አትክልት ይበቃኛል፤ ራሴ መሥራትም እችላለሁ።» እንዲህ ከተጻፈ የሚቀበለው ሰው አውቆ ይቀበላል።

ቤተሰብ ባይስማማስ? ይቀየራል። ነውር አይደለም፤ የልጁም የቤተሰቡም ጥፋት ላይሆን ይችላል። ልጁ መጀመሪያ የሚደውለው ግን ለአካባቢው ተጠሪ ይሁን። እናንተ ከዚህ ሆናችሁ ብትቆጡ ነገሩን ታከሩታላችሁ። አደገኛ ነገር ካለ ግን ሌላ ነው። የዚያን ጊዜ ሌሊትም ቢሆን ለድርጅቱ የአደጋ ጊዜ ስልክ ደውሉ።

የእኔ አስተያየት ይኸውላችሁ። ዓመቱ የሚሆነው ራሱ ለጠየቀ ልጅ ነው። ወላጅ የገፋው ልጅ ኖቬምበር ላይ፣ ቀኑ ሲያጥር፣ ይሰበራል። የቤታችሁን ልጅ አስቡት። ደስ ያላለው ነገር ሲኖር አፉን ከፍቶ ይናገራል? ወይስ በሩን ዘግቶ ይተኛል? የሚዘጋ ከሆነ መጀመሪያ አጭሩን ይሞክር።

ዘመድ ጋ ለመሆን፦ ኤፍ-1

እኅታችሁ ጋ እንዲሆን ከፈለጋችሁ መንገዱ የተማሪ ቪዛ ነው፤ ኤፍ-1። እዚህ ትምህርት ቤቱንም ከተማውንም ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ዋጋው ግን ይለያል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት በኤፍ-1 የመንግሥት ሃይስኩል የሚገባ ተማሪ የትምህርቱን ሙሉ ወጪ ለትምህርት ቤቱ መክፈል አለበት፤ ከ12 ወር በላይም አይቆይም። የግል ትምህርት ቤት የጊዜ ገደብ የለበትም። ግን ክፍያውን ስትሰሙ ቁጭ በሉ። ትምህርት ቤቱም የውጭ ተማሪ ለመቀበል የተፈቀደለት መሆን አለበት፤ አለዚያ ለቪዛው የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ወረቀት መስጠት አይችልም።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። «በኢስታ ይግባና አክስቱ ሰፈር ትምህርት ቤት ታስገባዋለች» የሚል ምክር ሲነገር ሰምቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። በኢስታ ገብቶ በመደበኛ ትምህርት መመዝገብ ሕግ መጣስ ነው። የልጁን የወደፊት ቪዛ ሁሉ ሊያበላሽበት ይችላል።

ለጄ-1ም ለኤፍ-1ም ከቪዛው 185 ዶላር ሌላ የመዝገብ ክፍያ አለ፤ ለጄ-1 220፣ ለኤፍ-1 350 ዶላር ነው። ልጁ በመደበኛው አሠራር ራሱ ቀርቦ ቃለ መጠይቅ ያደርጋል። ከጁን 2025 ወዲህ ደግሞ በሁለቱም ቪዛ የሚያመለክት ሰው የሶሻል ሚዲያ ገጾቹን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርግ ይጠየቃል። ልጃችሁ ምን እንደለጠፈ አብራችሁ አንድ ማታ ተቀምጣችሁ እዩ። አትቆጡ፤ እዩ ብቻ።

ለክረምቱ ብቻ

በጁላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ቤተሰብ ጋ የሚያሳርፉ ድርጅቶች አሉ። ትምህርት አይጎዳም፣ አቻ መቀበል የለም። ግን ትምህርት ቤቶች ዝግ ስለሆኑ ልጁ የሚያየው የክረምት አሜሪካን ነው። ለዚያው ገንዘብ እኔ የትምህርት ቤቱን ልውውጥ እመርጣለሁ። ትምህርት ቤታችሁ ልውውጥ ከሌለው ግን ጥሩ ምትክ ነው።

ከባኩ ጋር እንዴት ይገጥማል?

አጭሩ ልውውጥ ከባክ ጋር ችግር የለውም። ዓመቱ ግን ከፈረንሳይ ትምህርት ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ዛሬ የባክ 40 ከመቶው የሚመጣው በፕረሚዬርና በተርሚናል ከሚገኝ የክፍል ውጤት ነው። የፈረንሳይኛ ፈተናው፣ የጽሑፉም የቃሉም፣ በፕረሚዬር መጨረሻ ነው። ከ2026 ጀምሮ የሒሳብ ፈተናም እዚያው ተጨምሯል። ተርሚናል ደግሞ የፓርኩርሱፕ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚመዘገቡበት ድረ ገጽ፣ ዓመት ነው። ከሁለቱ ዓመታት አንዱን አሜሪካ ማሳለፍ ማለት ይህን ሁሉ እንደገና ማስተካከል ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት ጥሩው ጊዜ ሰጎንድን ጨርሶ መሄድ ነው። ሲመለስ ፕረሚዬር ይገባል። አዎ፣ ከእኩዮቹ በአንድ ዓመት ይዘገያል። አንዳንድ ልጆች ያን ዓመት እንደ ፕረሚዬር አስቆጥረው በቀጥታ ተርሚናል ለመግባት ይሞክራሉ። የአሜሪካው ዓመት በራሱ ግን እንደ ፕረሚዬር አይቆጠርም፤ የሊሴው ኃላፊ ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ አልመክርም። ልጁ ሦስቱን የምርጫ ትምህርቶች ሳይማር ተርሚናል ላይ ሁለቱን ብቻ ይዞ ይወድቅበታል።

ከመሄዱ በፊት ሊሴው ጋር የጥናት ውል እንዲጻፍ ጠይቁ። ምን እንደሚማር፣ ሲመለስ የት እንደሚገባ፣ ቦታው እንደሚጠበቅለት የሚያሳይ ወረቀት ነው። በቃል «ችግር የለም» መባል አይበቃም። ኃላፊው ይቀየራል፤ ወረቀቱ ይቀራል። የወዳጃችን ልጅ ሲመለስ የሆነው ይኸው ነው። «እንቀበለዋለን» ያሉት ሰው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው ነበር። ወረቀት ስላልነበረው ሴፕቴምበር ላይ ሁለት ሳምንት ቤት ተቀመጠ።

የአሜሪካውን ዲፕሎማም አትቁጠሩበት። የሃይስኩሉ ፈቃድ ነው፤ ብዙዎቹ ለልውውጥ ተማሪ የተሳትፎ ወረቀት ብቻ ይሰጣሉ።

ገንዘቡ

በአጭሩ ልውውጥ ዋናው ወጪ የአውሮፕላን ትኬቱ ነው። ማደሪያ የለበትም፤ ምግቡም ባብዛኛው አስተናጋጁ ቤት ነው። ኤራስመስ የሚባለው የአውሮፓ የልውውጥ ድጋፍ ለአጠቃላይ ሊሴ ተማሪዎች የአሜሪካ ጉዞ አይከፍልም፤ በዚህ አትዘናጉ። ሊሴው ግን የማኅበራዊ ድጋፍ ገንዘብ አለው። የጉዞው አጃቢ መምህራን ወጪም በወላጅ ላይ መጫን የለበትም። የትምህርት ቤቱን ማኅበራዊ ሠራተኛ ሄዳችሁ አነጋግሩ። እኛ አበሾች ይህን እንደ ልመና እናየዋለን። ልመና አይደለም፤ ለዚሁ የተመደበ ገንዘብ ነው።

የጄ-1 ዓመት በኤጀንሲ ሲሆን ከትኬትና ከኢንሹራንስ ጋር አሥር ሺህ ዩሮ በቀላሉ ያልፋል። በበጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት የትምህርት ዕርዳታ ስላላቸው ጠይቁ። ሮታሪ ከሁሉ ይረክሳል፤ በምትኩ ቤታችሁን ትከፍታላችሁ። ኢንሹራንሱን ግን አትቆጥቡበት። የፈረንሳይ የጤና መድን ካርዱ ካርት ቪታል እዚያ አይሠራም፤ የአውሮፓው የጤና ካርድም አይሠራም። አንድ የተሰበረ ክንድ እዚያ የዓመት ደመወዝ ሊበላ ይችላል። የክትባት ደብተሩም ተሟልቶ ይያዝ፤ ትምህርት ቤቶቹ ያለሱ አያስገቡም። ቤተሰብ ነክ አበል የምትቀበሉ ከሆነ ደግሞ ልጁ ለወራት ከመሄዱ በፊት አበሉን የሚከፍለውን መሥሪያ ቤት፣ ካፍን፣ ጠይቁ።

የጊዜው ነገር

አጭሩን ልውውጥ ትምህርት ቤቱ ራሱ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ያሳውቃል። ወረቀቱ ቦርሳ ውስጥ ተጨማድዶ ሊቀር ስለሚችል ፈትሹ። የዓመቱ ግን ከአንድ ዓመት በፊት ይጀመራል። በኦገስት 2027 ለመሄድ በ2026 መከር ማመልከት ማለት ነው። ሰጎንድ ገብቶ ሳይረጋጋ ስለሚደርስ ብዙ ቤተሰብ ያመልጠዋል። ኮሌዥ የመጨረሻው ዓመት ላይ ሆኖ ወሬውን መጀመር ይሻላል።

ልጄ አሁን ፕረሚዬር ናት። ዓመቱን ተወችው። ከሴንት ሉዊሷ ልጅ ጋር ግን በየቀኑ ይጻጻፋሉ። ያቺ ልጅ በመጪው ክረምት ተመልሳ ልትመጣ ትኬት እያየች ነው። በዚህ ጊዜ ከጣቢያ ማንም እንዳይቀበላት ጠይቃለች፤ በትራም ብቻዋን ነው የምትመጣው።